ፊት የሌለው ሐውልት፦ የሰማዕታት መታሰቢያ ከአርማታ ሲሠራ

ባሕር ዳር መጥቶ በዓባይ ድልድይ በኩል የሚያልፍ እንግዳ ከወንዙ ዳር የቆመውን የሰማዕታት ሐውልት ሲያይ፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የማን ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው የልማድ ነው። ጎንደር ፒያሳ ላይ አፄ ቴዎድሮስ ቆመዋል፤ አዲስ አበባ አራዳ ላይ አፄ ምኒልክ በፈረስ ናቸው፤ ከእሳቸው ብዙም ሳይርቅ አቡነ ጴጥሮስ አሉ። ለብዙዎቻችን ሐውልት ማለት ፊቱ የሚታወቅና ስሙ የሚጠራ ሰው ነው። የባሕር ዳሩ ግን ደርግን ሲታገሉ ለወደቁ ሰዎች ሁሉ የቆመ ስለሆነ፣ «የማን?» ለሚለው ጥያቄ አንድ ስም መልስ አይሆነውም።

በሰው መልክ ፋንታ በቅርጽ፣ በቁመት፣ በቁጥርና በባዶ ቦታ የሚናገር መታሰቢያ ሞደርኒስት የሚባለው አሠራር ነው። ስለ ትርጉሙ አስጎብኚዎች በደንብ ያስረዳሉ። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ሌላው ወገን ነው፦ እንዲህ ያለ ሐውልት ጣሪያ የሌለው ሕንፃ ነው። ፀሐዩም ዝናቡም ቀጥታ ያገኘዋል፤ ውስጡ የሚኖር ሰው ስለሌለ ሲያፈስ የሚጮህለት የለም። ዕድሜውን የሚወስነው ደግሞ ከምንም በላይ ውሃ ነው። በጣና ዳር ለሚሠራ ሐውልት «ምን ማለት ነው?» ከሚለው ጎን ለጎን «የዘነበበት ውሃ የት ይገባል?» ተብሎ መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው። ከዚህ በታች ለስሌት የምንጠቀምበት 30 ሜትር ሐውልት ለምሳሌ ያህል የተሳለ ነው፤ የቆመ የማንም ሐውልት አይደለም።

ቅርጹ እንዴት ይናገራል?

ፊት የሌለው ሐውልት ለእኛ ባዕድ ነገር አይደለም። «ሐውልት» የሚለው ቃል ራሱ ከግእዝ የመጣ ሲሆን የቆመ ዓምድ ማለት ነው፤ የአክሱሞቹ የሰው መልክ የላቸውም። (በነገራችን ላይ ሐመሩን «ሐ» ትቶ «ሀውልት» ብሎ በድንጋይ ላይ ማስቀረጽ ከወረቀት ስሕተት የከፋ ነው፤ ወረቀት ይቀደዳል።) ከጣሊያን የተመለሰው የአክሱም ሐውልት 24 ሜትር ቁመትና 160 ቶን ገደማ ክብደት አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ተመልሶ ቆሟል። ከሁሉም የሚበልጠው 33 ሜትሩ ግን ተሰባብሮ እንደተኛ ነው። ተመራማሪዎች ሲተከል ሳይወድቅ እንዳልቀረ ይናገራሉ፤ ከመሬት በታች የገባው ክፍል ለቁመቱ እጅግ አጭር ነበር። መሠረቱን የናቀ ሐውልት ምን እንደሚገጥመው ለማየት ሌላ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን ይህ አሠራር አርማታን አግኝቶ እንደገና ተነሣ። ባንግላዴሽ ሳቫር ላይ ያለው የሰማዕታት መታሰቢያ ከሁሉም ይልቅ ለማስረዳት ይመቻል። አርክቴክቱ ሰይድ ማይኑል ሆሴን ሰባት ጥንድ ባለ ሦስት ማዕዘን ግድግዳዎችን አንዱን ከሌላው ኋላ ደረደራቸው። የፊተኛው አጭርና ሰፊ ነው፤ ወደ መሃል እየረዘመና እየጠበበ ሄዶ 150 ጫማ፣ ማለትም 46 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሰባቱ ከ1952 እስከ 1971 እ.ኤ.አ. ያሉትን ሰባት የትግል ደረጃዎች ይቆጥራሉ። ከፊት ለፊት ሲታይ አንድ ሹል ነገር ነው፤ ወደ ጎን ሲዞሩ ይለያያል። ተመልካቹ ራሱ መራመድ አለበት። አልጄሪያ ደግሞ ነፃ የወጣችበትን ሃያኛ ዓመት ስታከብር፣ በ1982 እ.ኤ.አ.፣ በዋና ከተማዋ ሦስት የአርማታ ዘንባባዎች ጫፍ ለጫፍ የተደጋገፉበት 92 ሜትር ሐውልት አቆመች። በዚያው ዓመት ዋሽንግተን ላይ የቬትናም ጦርነት ሙታን መታሰቢያ ተመረቀ፤ እሱ ደግሞ ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ መሬት ውስጥ የገባ ጥቁር ግድግዳ ሆነ፤ ሥራው ሁሉ ስም ነው።

የእኛ አገር ሐውልቶች ሁለቱን ይቀላቅላሉ። ስድስት ኪሎ ያለው የየካቲት 12 መታሰቢያ፣ በዩጎዝላቮቹ አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች የተሠራው፣ ዓምዱ ዝም ሲል የነሐስ ምስሎቹ ይናገራሉ። በሰሜን ኮርያ እርዳታ በ1977 ዓ.ም. መግቢያ የተመረቀው 50 ሜትሩ የትግላችን ሐውልትም እንደዚያው ነው፦ ዓምዱ ለሩቅ ተመልካች፣ በጎንና በጎን ያሉት የነሐስ ቅርጾች ቀርቦ ለሚያይ።

አንድ ቅርጽ ሠርቷል ወይስ አልሠራም ለማለት ቀላል መለኪያ አለ፦ አሥር ዓመት የሆነው ልጅ ያለ አስጎብኚ ቆጥሮ «ሰባት ነው፤ ለምን ሰባት ሆነ?» ካለ ሠርቷል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ከኮሚቴ ነው። አርክቴክቱ አንድ ሐሳብ ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ርግብ ይጨመር ይላል፤ ሌላው መጽሐፍ፣ ሌላው ችቦ፣ ሌላው የጤፍ ዛላ። በመጨረሻ የሚቆመው የጽሕፈት ቤት ማኅተም ይመስላል። የተጨመረ ጌጥ ሁሉ ደግሞ ውሃ የሚያርፍበት አንድ ተጨማሪ ጠርዝ ነው።

መሠረቱ፦ ጉድጓዱን በመስከረም እዩት

ምሳሌያችንን እንውሰድ። በየጎኑ 4 ሜትር የሆነ፣ 30 ሜትር የሚረዝም፣ ውስጡ ባዶ፣ የግድግዳው ውፍረት 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዓምድ። ግንዱ 133 ሜትር ኩብ አርማታ ይፈጃል፤ ክብደቱ 330 ቶን ገደማ ይሆናል። 8 በ8 ሜትር ስፋትና 1.2 ሜትር ውፍረት ያለው መሠረት ሲጨመር ጠቅላላው ወደ 520 ቶን ይደርሳል። ይህን ለ64 ካሬ ሜትር ስናካፍለው፣ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር አፈር 8 ቶን ያህል ይሸከማል። ሲሚንቶው ወደ 750 ኩንታል፣ ፌሮው (አርማታው ውስጥ የሚገባው ብረት) ወደ 25 ቶን ነው።

ሰው በመጀመሪያ የሚፈራው ነፋስን ነው። በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ፣ በባሕር ዳር ከፍታ አየሩ ሳሳ ስለሚል፣ በካሬ ሜትር 45 ኪሎ ገደማ ይገፋል። የዓምዱ አንድ ፊት 120 ካሬ ሜትር ነው፤ ማዕዘናማ ቅርጹ ሲታሰብ ግፊቱ ወደ 7 ቶን ይሆናል። የሐውልቱ ክብደት ብቻውን ይህን ሃያ ጊዜ ያህል ይቋቋማል። እንዲህ ያለውን ከባድ ዓምድ ነፋስ አይጥለውም። ቀጭን ክንፍ ለሚመስሉ ቅርጾች ስሌቱ ይለያል፤ ለእነሱ ነፋሱ ዋና ጉዳይ ነው።

የሚያስፈራው እኩል ያልሆነ መስመጥ ነው። የመሠረቱ አንድ ጠርዝ ከሌላው 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሰምጥ፣ የሐውልቱ ጫፍ 7.5 ሳንቲ ሜትር ያጋድላል። በአንድ ፎቅ ቤት ላይ ይህ አይታይም፤ ቀጥ ባለ ዓምድ ላይ ግን ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። በጣና ዙሪያ ያለው ጥቁር ዋልካ አፈር ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። በሚያዝያ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ በሐምሌ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። በሐውልቱ ሥር መሃል ያለው አፈር ከዝናብ ተሸፍኖ እርጥበቱ ብዙም አይለወጥም፤ ጠርዙ ግን በየዓመቱ ይነሣል፣ ይወርዳል። ስለዚህ ዋልካው ጥቁር ድንጋዩ ወይም ጠጣሩ አፈር እስኪገኝ ተቆፍሮ መውጣት አለበት። ቦታው በገረጋንቲ ሲሞላ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ እየረጠበ ይጠቀጠቃል። አንድ ሜትር በአንዴ ገልብጦ ከላይ ሮለር ማመላለስ የላይኛውን 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ያጠነክራል።

እዚህ ላይ ብዙ ፕሮጀክት የሚሳሳትበት ነገር አለ። የአፈር ምርመራ ጉድጓድ የሚቆፈረው በበጋ ነው፤ መንገዱ ደርቋል፣ ማሽኑ ይገባል። የጣና ውሃ ደግሞ ዝቅ የሚለው ግንቦት መጨረሻና ሰኔ መግቢያ ላይ ነው፤ ከፍ የሚለው ክረምቱ ሲወጣ በመስከረም ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሜትር በላይ ይሆናል። በሐይቁና በወንዙ ዳር የከርሰ ምድር ውሃም አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። በግንቦት ደረቅ የነበረ 2 ሜትር ጉድጓድ በመስከረም ግማሹ ውሃ ሊሆን ይችላል። በበጋ ቢቆፈርም፣ ጉድጓዱ ውስጥ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ቱቦ ተተክሎ በመስከረም ውሃው የት እንደደረሰ መለካት አለበት። የሚጠይቀው አንድ ቱቦና አንድ ክረምት ነው። ለምርቃት ቀን የሚቸኩል ሰው ክረምቱን አይጠብቅም።

አርማታው

ከውጭ የሚጋለጥ ሐውልት ጥሩ አርማታ ይፈልጋል። በሳጥን ለሚለካ ሥራ፣ ለአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ሁለት ሳጥን አሸዋና ሦስት ሳጥን ጠጠር ነው። 50 በ40 በ18 ሳንቲ ሜትር የሆነው ሳጥን 36 ሊትር ይይዛል፤ ይህም ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ጋር ይቀራረባል፤ ልኩ የወጣው ለዚያ ነው። ውሃው ከ22 እስከ 25 ሊትር ነው። ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ሞልቶ ሁለተኛው ከተነካ ድብልቁ ተበላሽቷል። አሸዋው በዝናብ ከረጠበ ውሃው ከዚያም ያንሳል። ሠራተኛው ውሃ የሚጨምረው ድብልቁ በቀላሉ እንዲፈስለት ነው፤ ትርፉ ውሃ በኋላ ሲተን በአርማታው ውስጥ የፀጉር ያህል ቀዳዳዎች ትቶ ይሄዳል። በእነሱ በኩል ነው ዝናብና አየር ወደ ፌሮው የሚደርሱት።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። አርማታ ውስጥ ያለ ብረት የማይዝገው ሲሚንቶው እንደ ኖራ የሚያቃጥል ጠባይ ስላለውና በብረቱ ላይ ቀጭን መከላከያ ስለሚፈጥር ነው። በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ከውጭ ወደ ውስጥ ቀስ እያለ እየገባ ያንን ጠባይ ያጠፋዋል። አየሩ ፌሮው ጋ ሲደርስ መከላከያው ይነሣል፤ እርጥበት ካለ ዝገት ይጀምራል። ዝገት ከብረቱ ከሁለት እስከ ስድስት እጥፍ የሚበልጥ ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ አርማታውን ከውስጥ ገፍቶ ይፈነቅለዋል። ከሐውልት ላይ ቁራጭ ወድቆ ቡናማ ብረት ሲታይ «ሲሚንቶው አንሶት ነው» ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ያነሰው ብረቱ ላይ ያለው ሽፋን ነው።

የሽፋን ነገር ስሌቱ የሚገርም ነው። አየሩ የሚገባበት ጥልቀት ከዓመቱ ጋር እኩል አይሄድም፤ ጥልቀቱ እጥፍ እንዲሆን ዓመቱ አራት እጥፍ መሆን አለበት። በ10 ዓመት 10 ሚሊ ሜትር የገባበት አርማታ፣ ፌሮው በ20 ሚሊ ሜትር ላይ ከሆነ በ40 ዓመት ይደርስበታል፤ በ40 ሚሊ ሜትር ላይ ከሆነ ግን 160 ዓመት ይፈጅበታል። የሁለት ሳንቲ ሜትር አርማታ ልዩነት የመቶ ሃያ ዓመት ዕድሜ ነው ማለት ነው። ከውጭ ለሚጋለጥ ግድግዳ 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር፣ አፈር ለሚነካው ክፍል ከ5 እስከ 7.5 ሳንቲ ሜትር ሽፋን ይያዛል። ይህ ልክ በሥዕሉ ላይ ሁልጊዜ አለ። ሳይት ላይ ግን ፌሮው ካሳፎርማውን (አርማታው የሚሞላበትን ቅርጽ ማስያዣ) ተደግፎ ይገኛል፤ ምክንያቱም ታኮ (ፌሮውን ከካሳፎርማው የሚያርቅ ቁራጭ) አልተደረገም፣ ወይም በታኮ ፋንታ የጠጠር ቁራጭ ተሸጉጦ አርማታ ሲሞላ ወድቋል። ታኮው ከሲሚንቶ ተሠርቶ፣ የማሰሪያ ሽቦ ተተክሎበት፣ ከስታፋው (ቋሚ ፌሮዎቹን ከሚያቅፈው ብረት) ጋር መታሰር አለበት። አርማታ ከመሞላቱ በፊት ሜትር ይዞ ሃያ ቦታ መለካት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። እኛ ብንጠየቅ፣ በሐውልት ሥራ ላይ አንድ ቁጥጥር ብቻ የሚፈቀድ ቢሆን የምንመርጠው ይህን ነው።

ግንዱ በአንዴ አይሞላም። ካሳፎርማው በ1.5 ሜትር ከፍታ እየተነሣ ሃያ ጊዜ ይሞላል፤ በየሦስትና አራት ቀኑ አንድ ቢሄድ ከሁለት ወር በላይ ነው። ሃያ ሙሌት ማለት በመካከላቸው አሥራ ዘጠኝ ስፌት ማለት ነው። በየስፌቱ ላይ የሚንሳፈፈው ደካማ የሲሚንቶ ወተት በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ጠጠሩ መታየት አለበት፤ ከዚያ ይታጠባል፣ ውሃው እንዳይቋጥር ይደርቃል፣ አዲሱ ይሞላል። ይህ ከተዘለለ በጥቂት ክረምት ውስጥ በዓምዱ ዙሪያ በየ1.5 ሜትሩ ነጭ የጨው መስመር ይወጣል። ቀለም አይሸፍነውም፤ ውሃው ከውስጥ ኖራውን እያሟሟ ስለሚያወጣ በማግሥቱ ክረምት ቀለሙን ገፍቶ ይመለሳል። አርማታው ከ2 ሜትር በላይ ከፍታ መጣል የለበትም፤ ጠጠሩ ቀድሞ ይወርድና ከታች ባዶ ጎጆ ይሠራል። ቫይብሬተሩ (አርማታውን እያንቀጠቀጠ የሚያጠጋጋው መሣሪያ) በየግማሽ ሜትሩ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ገብቶ ቀስ ብሎ ይወጣል።

ውሃ ማጠጣቱ ቢያንስ ሰባት ቀን ነው፤ በበጋ፣ የሐይቁ ነፋስ ከሰዓት በኋላ ሲነሣ፣ አሥራ አራት ቀን ቢሆን ይሻላል። ቆሞ ያለ ግድግዳ ላይ ውሃ በባልዲ መርጨት ከንቱ ነው፤ በሩብ ሰዓት ይደርቃል። እርጥብ ጆንያ ማንጠልጠል ወይም ካሳፎርማውን አለማውለቅ ይሠራል።

ልብሱ

ድንጋይ የለበሰ ሐውልት ያምራል፤ ክብደቱን ግን ቁጠሩ። 3 ሳንቲ ሜትር ግራናይት በካሬ ሜትር 81 ኪሎ ነው። የምሳሌያችን ዓምድ አራት ፊት 480 ካሬ ሜትር ስለሆነ 39 ቶን ድንጋይ ተሸክሟል ማለት ነው። 60 በ90 የሆነ አንድ ሰሌዳ 44 ኪሎ ይመዝናል፤ ከ20 ሜትር ሲለቅ ምን እንደሚያደርግ መናገር አያስፈልግም። ከሰው ቁመት በላይ ያለ ሰሌዳ በሲሚንቶ ብቻ መለጠፍ የለበትም። በማይዝግ ብረት፣ በአራት ነጥብ፣ ከአርማታው ጋር መታሰር አለበት። አርማታም ድንጋይም በፀሐይ ይለጠጣሉ፤ 10 ሜትር ርዝመት በ30 ዲግሪ ልዩነት 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይንቀሳቀሳል። ቀን የተለጠጠው ማታ ይሰበሰባል፤ መተንፈሻ ክፍተት ካልተተወለት ሰሌዳው መሃሉ ይነሣና ይለቃል። በትንሽ መዶሻ መታ መታ ሲደረግ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ሰሌዳ መልቀቅ ጀምሯል።

ለጣና ዳር የምንመርጠው እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ግራናይት አይደለም። ፊቱ በመዶሻ የተጠረበ ሻካራ አርማታ ወይም የአካባቢው ጥቁር ድንጋይ እርጅናን በክብር ይሸከማል፤ የክረምት ሽበት አይታይበትም። ለስላሳ ነጭ ፊት ላይ ግን በሁለተኛው ዓመት ከየጠርዙ የሚወርድ ጥቁር ጭረት ይጀምራል። ጭረቱን የሚያመጣው ቆሻሻ ያዘለ ውሃ ግድግዳውን ታክኮ ሲወርድ ነው። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ በእያንዳንዱ ጠርዝ ሥር አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል የሆነ ቦይ ማውጣት፤ ውሃው እዚያ ሲደርስ ወደ ግድግዳው መመለስ አቅቶት ይንጠባጠባል። ከተሠራ በኋላ ቦይ ማውጣት ግን ከባድ ነው።

ነሐስ ካለበት አንድ ነገር ይታወስ፦ ነሐስና ተራ ብረት ተነካክተው ዝናብ ሲያገኛቸው ብረቱ በፍጥነት ይበላል። የነሐስ ምስል በተራ ብሎን ታስሮ ከሆነ የሚወድቀው ምስሉ ተጎድቶ ሳይሆን ብሎኑ አልቆ ነው። የማይዝግ ብሎንና በመካከል የፕላስቲክ ቀለበት ያስፈልጋል። በርካሽ ከፋይበር ግላስ የሚሠራው ምስል ደግሞ በዚህ ከፍታ ባለው ፀሐይ ይዳከማል፤ ፊቱ እንደ ጠመኔ እጅ ላይ ይቀራል። በየዓመቱ የወርቅ ቀለም መቀባት ገጹን ያወፍረዋል፤ ጀግናው ዓመት በመጣ ቁጥር ይበልጥ ያብጣል።

አደባባዩና ፏፏቴው

ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። 2,000 ካሬ ሜትር የሆነ አደባባይ በአንድ ሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ቢዘንብበት 80,000 ሊትር ውሃ ይዞ መግቢያ ይፈልጋል። ቁልቁለቱ በየሜትሩ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ከሐውልቱ ወደ ውጭ እንጂ ወደ ሐውልቱ መሆን የለበትም። ይህ ግልጽ ይመስላል፤ ነገር ግን የመሃሉ ክፍል ሲሰምጥ ወይም አዲስ ንጣፍ በአሮጌው ላይ ሲደረብ አቅጣጫው ይገለበጣል። ውሃው በሰፊ ቦይ ተሰብስቦ ወደ ወንዙ ሲወርድ፣ መውጫው ላይ ትልልቅ ድንጋይ ካልተነጠፈለት ዳርቻውን ከሥር ይቦረቡረዋል። ዳርቻው ላይ ያለውን ደንገል «ለእይታ» ብሎ መመንጠር ደግሞ አፈሩን የያዘውን ሥር መንቀል ነው።

ፏፏቴ በሐውልት ላይ ማከል ሁሉም የሚወደው፣ ማንም የማይንከባከበው ነገር ነው። በጣና አካባቢ አየር ክፍት ውሃ በቀን 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ይተናል፤ 100 ካሬ ሜትር ገንዳ በየቀኑ 500 ሊትር ያህል ይጎድላል፤ ነፋስ የሚበትነው ሲጨመር ከዚያ በላይ ነው። ውሃው የሚዘልበት ከፍታ ከአፈሙዙ እስከ ገንዳው ጠርዝ ካለው ርቀት መብለጥ የለበትም፤ አለዚያ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ገንዳው ባዶ፣ ንጣፉ እርጥብ ይሆናል። ከሐይቁ ወይም ከወንዙ በቀጥታ የሚስብ ፓምፕ በክረምት ደለል፣ በሌላው ጊዜ አልጌና የእንቦጭ ሥር ይበላል፤ ማጣሪያና ደለል ማዝቀጫ ገንዳ ከሌለው አንድ ዓመት አይሞላውም። መብራት ሲቋረጥ ውሃው ይቆማል፤ ከሳምንት በላይ የቆመ ውሃ ደግሞ የትንኝ ማሳደጊያ ነው፤ ባሕር ዳር ደግሞ ወባ ያለባት ከተማ ናት። ፓምፑ የማይሠራ ከሆነ ገንዳውን ባዶ ማድረግ ነው።

መብረቁ

በአካባቢው ከፍ ብሎ የቆመ ሐውልት መብረቅ ይስባል። ጫፉ ላይ ዘንግ፣ ከዘንጉ የሚወርዱ ቢያንስ ሁለት የመዳብ መስመሮች፣ ከታች ደግሞ ከ10 ኦም ያልበለጠ የመሬት ግንኙነት ይፈለጋል። ጥቁር ድንጋይ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ስለዚህ አንድ ዘንግ መሬት ላይ ቸክሎ መሄድ አይበቃም፤ ብዙ ዘንጎች በመዳብ ሽቦ ተያይዘው እርጥብ አፈር ውስጥ መቀበር አለባቸው። መለኪያው በበጋ ይደረግ፤ በክረምት ሁሉም መሬት ጥሩ ቁጥር ይሰጣል። መዳቡ የሚሰረቅ ዕቃ ስለሆነ የታችኛው ሦስት ሜትር በቱቦ ውስጥ ቢገባ ይመረጣል።

ስሞቹ

በእኛ አገር ስም መጻፍ የራሱ ጣጣ አለው። የቤተሰብ ስም የለንም፤ ስም ከነአባት ብቻ ከተጻፈ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለትና ሦስት ሰዎች ይመጣሉ፤ ዘመዶቻቸው አንዱ መስመር ላይ ሁለት አበባ ያኖራሉ። ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም መጻፍ አለበት። ቅደም ተከተሉ በፊደል ተራ ከሆነ በመጀመሪያው ስም ነው፤ ያኔ ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ ጸና ፀ የትኛው የት እንደሚገባ አስቀድሞ ይወሰን፤ ኃይሉ በሦስት ቦታ ተበትኖ ቤተሰቡ ሲፈልገው እንዳይውል። ዋሽንግተን ያለው ግድግዳ ስሞቹን በፊደል ሳይሆን በሞቱበት ቀን ነው የደረደራቸው፤ አብረው የወደቁ ጎን ለጎን ሆኑ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ቀኑ የማይታወቅባቸው ብዙ ሰዎች ካሉ ግን አይሠራም።

የፊደሉ ቁመት ከሦስት ሜትር ርቀት ለሚያነብ ሰው ቢያንስ 2.5 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የግእዝ ፊደል ከላቲን ይልቅ ጥቃቅን ምልክት አለው፤ ቀጭን ጽሕፈት ላይ ለ እና ሉ፣ ነ እና ኑ አቧራ ሲሞላባቸው አይለዩም። ቀረጻው ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይጥለቅ። ዝርዝሩ ከመቀረጹ በፊት በወረቀት ታትሞ ቤተሰብ በሚያገኘው ቦታ ለአንድ ወር ይለጠፍ፤ ስሕተቱን ከዘመድ በላይ የሚያይ የለም። ከአሥር ሰሌዳ አንዱ ባዶ ቢቀር ደግሞ ሐውልቱ ከተመረቀ በኋላ የሚመጣውን ስም ያስተናግዳል፤ መምጣቱ አይቀርም።

ጉዳት ሲታይ

ስንጥቅ ሁሉ አያስደነግጥም። ከ0.3 ሚሊ ሜትር የቀጠነው ብዙ ጊዜ አርማታው ሲደርቅ የመጣ ነው። የሚፈለገው መልስ «ይንቀሳቀሳል ወይ?» ለሚለው ነው። በስንጥቁ ላይ አግድም ጣት የሚያህል ጀሶ ለጥፎ ቀኑን መጻፍ፤ ጀሶው ከተሰነጠቀ ስንጥቁ ሕያው ነው። አንዱ በመስከረም፣ ሌላው በሚያዝያ ይለጠፍ፤ የዋልካው እብጠትና ድርቀት የሚታየው በሁለቱ ልዩነት ነው። የዓምዱን መቆም ደግሞ በየዓመቱ በአንድ ቀን፣ ፀሐይ ሳትሞቀው በማለዳ መለካት፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የመታው ጎን ተለጥጦ ጫፉን ስለሚያዘነብለው ውጤቱ ያሳስታል።

የዛገ ፌሮ ሲታይ በጣም የተለመደው ስሕተት በላዩ ልስን መለሰን ነው። ለምርቃት በዓል ይደርሳል፤ ለቀጣዩ ዓመት አይደርስም፤ ዝገቱ ከሥር ይቀጥልና ልስኑን ከነአርማታው ይዞት ይወርዳል። በትክክል ሲሠራ የለቀቀው ሁሉ ይነሣል፤ አርማታው ከፌሮው በስተኋላ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይፈለፈላል፤ ብረቱ እስኪያበራ ይፈገፈጋል፤ የዝገት መከላከያ ይቀባል፤ ከዚያ ብቻ በጥገና ሞርታር ይሞላል። የት ድረስ መፈልፈል እንዳለበት ለማወቅ ፌኖልፍታሊን የሚባል ፈሳሽ አዲስ በተቆረጠው አርማታ ላይ ይረጫል፤ ሐምራዊ የሆነው ጤነኛ ነው፤ ቀለም ያልያዘው አየር ገብቶበታል። ተራ የዘይት ቀለም መቀባት ደግሞ ውስጥ ያለውን እርጥበት ያፍነዋል፤ ቀለሙ በፊኛ ተሞልቶ ይነሣል።

ባዶ ዓምድ ውስጡም መታየት አለበት። ከታች በር፣ ከውስጥ መሰላል፣ ከላይ ክዳን፣ ከሥሩ ደግሞ የገባ ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ ይኖረዋል። ቀዳዳው በወፍ ጎጆ ወይም በንብ ሲደፈን ውሃው ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከውጭ ምንም አይታይም። በየግንቦቱ፣ ክረምት ሳይገባ፣ ቀዳዳውን መጥረግና ክዳኑን ማየት የአንድ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሥራው የሚቀረው ብዙ ጊዜ የበሩ ቁልፍ የት እንዳለ ስለማይታወቅ ነው፤ አሠሪው ተቀየረ፣ ተቋራጩ ሄደ፣ ቁልፉ ከአንድ መሳቢያ ወደ ሌላ ሲዞር ጠፋ። ስለዚህ በርክክቡ ቀን ሁለት ነገር በሁለት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ይቀመጥ፦ ሐውልቱ በተግባር እንዴት እንደተሠራ የሚያሳየው ሥዕል፣ ፌሮው ያለበት ጥልቀት ተለክቶ ተጽፎበት፤ እና የበሩ ቁልፍ፣ ስሙ በላዩ ታስሮ።